«ወይ ክሮንስ ነው ወይ ኮላይተስ» ለተባልሽው እህቴ

ሰላም «ሆደ ባሻ ከጎፋ»፣

የብዕር ስምሽ አስቆኛል፣ ሆድሽ ይሄን ሁሉ አሳይቶሽ ቀልድ አልጠፋብሽም ማለት ነው።

ለሌሎቻችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። እህታችን 26 ዓመቷ ነው። ሰባት ወር ሙሉ ደምና ንፍጥ የቀላቀለ ተቅማጥ፣ ቀን አራት አምስቴ፣ ሌሊትም ከእንቅልፍ እየቀሰቀሰ። አራት ጊዜ አሜባ ተብላ ፍላጅልና ቲኒዳዞል ውጣለች፣ አንዴ ታይፎይድ ተብላለች፣ አንዴ ደግሞ ኪንታሮት ነው ተብሎ ቅባት ተሰጥቷታል። ስምንት ኪሎ ቀንሳ ሄሞግሎቢኗ (የደም መጠኗ) ወርዶ 9 ሲገባ አንድ ሐኪም ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ ሚያዩበት ምርመራ) አዘዘላት። ካሜራው ከታች ጀምሮ በግራ በኩል እስካለው አንጀት ድረስ ገብቶ ሁሉም የተቆጣ ነው፣ ከዛ በላይ ግን አንጀቷ በደንብ ስላልጸዳ አልቀጠሉም። የናሙናው ወረቀት «አይቢዲ ነው፣ አልሰሬቲቭ ኮላይተስ ይሁን ክሮንስ መለየት አልተቻለም» ይላል። ፕሬድኒሶሎን ሚባለው የስቴሮይድ ክኒን ተጀመረላት፣ በሳምንቱ ደሙ ቆመ፣ አሁን አምስተኛ ሳምንቷ ነው። ጥያቄዋ ደግሞ ይሄ ነው፦ «ሲስተር፣ የቱ እንደሆነ ካላወቁት ለምን መድኃኒት ያስውጡኛል? ካንሰር ይሆናል? አሜሪካ ያለችው አክስቴ እኔም እሱ ነው ያለብኝ፣ ዳቦና ወተት ተዪ ይለቅሻል ትላለች፤ እማዬ ደግሞ ክኒኑን ትተሽ ጸበል እንግባ ትላለች። ጥር ላይ ሰርጌ ነው፣ ለእጮኛዬ ምን ልበለው?»

ከምንም በፊት ግን ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ እንደዘበት ጣል ያደረግሻት ነገር አለች፣ «ደህና ስለሆንኩ ከሰኞ ጀምሮ ክኒኑን ትቼዋለሁ» ያልሽው። እናትዬ፣ እዚ ጋ ስደርስ ልቤ ዱብ አለ። አምስት ሳምንት የተወሰደ ፕሬድኒሶሎን በአንዴ አይቆምም። ሰውነትሽ ራሱ በየቀኑ ሚሰራው ኮርቲሶል ሚባል ሆርሞን አለ፣ ክኒኑን ስትወስጂ ስትከርሚ ከኩላሊትሽ በላይ ያሉት እጢዎች «ከውጪ እየመጣ እኛ ምን አለፋን» ብለው እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ፤ ድንገት ስትተዪው እነሱም አልነቁም ክኒኑም የለም፣ ማዞር፣ ማስመለስ፣ አቅም ማጣት፣ ግፊት መውረድ፣ ባስ ሲል ራስ እስከመሳት ይደርሳል። አንጀትሽም ተመልሶ መቆጣቱ አይቀርም። ስለዚህ ይሄን አንብበሽ ሳትጨርሺ ላዘዘልሽ ሐኪም ደውዪ፣ ስልክ ካላነሳ ዛሬውኑ ሆስፒታሉ ሂጂ። ከስንት እንደምትጀምሪና በየሳምንቱ በስንት እየቀነስሽ እንደምትወጪ እነሱ ናቸው ሚነግሩሽ። ደውለሽ ተመለሺ፣ እኔ የትም አልሄድም።

ደወልሽ? እሺ፣ አሁን እናውራ።

አይቢዲ ማለት የአንድ በሽታ ስም ሳይሆን የቤተሰብ ስም ነው። የሰውነት መከላከያ ከጀርም ጋር መዋጋት ሲገባው የራሱን አንጀት እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲያቆስለው፣ ያውም አንዴ ቆስሎ ሚድን ሳይሆን እየተኛ እየተነሳ ዓመታት ሚቆይ ሲሆን አይቢዲ ይባላል። ለምን እንደሚጀምር ሙሉ መልስ የለም፤ ዘር ድርሻ አለው፣ አንጀት ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ድርሻ አላቸው፣ አኗኗርም እንዲሁ። አንቺ በርበሬ ስለበላሽ ወይም ስለተጨነቅሽ የመጣ አይደለም፣ ማንም እንዲ እንዳይልሽ። በብዛት ሚጀምረውም ባንቺው እድሜ ነው፣ ከ15 እስከ 35 ባለው። ቤተሰቡ ውስጥ ሁለት ዋና ልጆች አሉ፣ አልሰሬቲቭ ኮላይተስ (ሐኪሞቹ ዩሲ ይሉታል) እና ክሮንስ።

እኔ ስምንት ዓመት ኢንዶስኮፒ ክፍል ነው የሰራሁት፣ ስለዚህ በስክሪን ያየሁትን ልንገርሽ። ጤነኛ አንጀት ያምራል ብልሽ ታምኚኛለሽ? ለስላሳ ሮዝ ነው፣ እርጥበት አለው፣ ቅጠል ላይ እንደምታዪው ቀጫጭን የደም ስር ይታይበታል። ዩሲ ያለበት ሰው ሲሆን ግን ካሜራው ገና እንደገባ፣ መውጫው ጋ ማለት ነው፣ ሁሉ ነገር ቀይ ነው፤ የደም ስሮቹ ጠፍተዋል፣ ላዩ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል፣ ካሜራው ነካ ሲያደርገው ደም ይወጣዋል። ከዛ ትንሽ ትንሽ እየተገፋ ወደላይ ሲኬድ መሃል ላይ ደህና ቦታ ሚባል የለም፣ ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ... ድንገት አንድ ቦታ ላይ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ቀዩ አልቆ ሮዙ ይጀምራል። ሁሌም ባይሆን ብዙ ጊዜ እንዲ ነው።

ክረምት ላይ ከወለል ተነስቶ ግድግዳ ላይ ሚወጣ እርጥበት አይተሽ የለ? እሱ ነው ዩሲ። ሁሌ ከታች ይጀምራል፣ ሳይዘል ወደ ላይ ይወጣል፣ ሚያበላሸው ደግሞ ቀለሙንና ልስኑን ነው እንጂ ብሎኬቱ ውስጥ አይገባም። ከትልቁ አንጀትም አያልፍም። እዛው መውጫው ጋ ብቻ ከቀረ ፕሮክታይተስ ይባላል፣ በግራ በኩል ከወጣ የግራ ኮላይተስ፣ ግድግዳውን ሙሉ ከያዘ ደግሞ ፓንኮላይተስ። ምልክቱም ከቦታው ይመጣል፦ ደም፣ ንፍጥ፣ «አሁኑኑ ሽንት ቤት» ሚል ጥድፊያ፣ ሄደሽ ደግሞ አምጠሽ አምጠሽ ጠብ ሚል ነገር አለመኖር። አንቺ «ሃያ ደቂቃ ተቀምጬ አንድ ማንኪያ ደም ብቻ» ያልሽው እኮ እሱ ነው።

ክሮንስ ጸባዩ ሌላ ነው። ከአፍ እስከ መውጫ የትም ሊወጣ ይችላል፣ በጣም ሚወደው ሰፈር ግን ትንሹ አንጀት ከትልቁ ሚገናኝበት ቦታ ነው፣ በቀኝ በኩል ከታች፣ ትርፍ አንጀት ያለበት ጎረቤት። በዚ ምክንያት ትርፍ አንጀት ነው ተብሎ ሰው ኦፕራሲዮን ከገባ በኋላ ክሮንስ ሆኖ ይገኛል። ስክሪን ላይ ስታዪው እየዘለለ ነው ሚሄደው፣ አንድ ስንዝር ቁስል፣ ቀጥሎ ጥርት ያለ ጤነኛ፣ ቀጥሎ ደግሞ ቁስል፤ ጉድጓድ የበዛበት የሰፈር አስፓልት በይው። ዋናው ልዩነት ግን ጥልቀቱ ነው። ክሮንስ ልስኑ ላይ አይቆምም፣ ብሎኬቱን ሰንጥቆ ያልፋል። ሰንጥቆ ሲያልፍ ከሁለት አንዱ ይሆናል፦ ወይ ቁስሉ ጠባሳ ሆኖ አንጀቱን ያጠበዋል፣ ምግብ አላሳልፍ ይላል፣ ሆድ ይነፋል፣ ያስመልሳል፤ ወይ ደግሞ ጎረቤት ድረስ ቀዳዳ ይከፍታል፣ ከአንጀት ወደ አንጀት፣ ወደ ፊኛ፣ ወይ መቀመጫ አካባቢ ቆዳ ላይ መግል እያመጣ። ይሄን ቀዳዳ ሐኪሞች ፊስቱላ ነው ሚሉት፣ እኛ ሀገር ደግሞ ፊስቱላ ሲባል ሁሉም ሰው ጭንቅላት ውስጥ ሚመጣው በወሊድ ጊዜ ሚደርሰው፣ ሐምሊን ሚታከመው ነው። አንዲት ልጅ ይሄ ቃል ካርዷ ላይ ተጽፎ አይታ «እኔ እኮ አልወለድኩም» ብላ ስታለቅስ አስታውሳለሁ። ቃሉ አንድ ነው፣ ነገሩ ግን ሌላ ነው።

ክሮንስ ላይ ደም ላይኖርም ይችላል፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም። የሆድ ቁርጠት፣ ክብደት መቀነስ፣ ትኩሳት፣ ድካም ብቻ ይዞ ዓመት ሚዞር አለ። የያዘው የትንሹን አንጀት መጨረሻ ከሆነ ደግሞ ቢ12 ሚባለው ቫይታሚን ሚመጠጠው እዛ ስለሆነ እሱም ያንሳል፣ እግር መደንዘዝ ምናምን ይመጣል።

ስሙ ከየት መጣ ላልሽው፣ እ.ኤ.አ. በ1932 ኒውዮርክ ማውንት ሳይናይ ሆስፒታል ሚሰሩ ክሮን፣ ጊንዝበርግና ኦፐንሃይመር ሚባሉ ሦስት ሐኪሞች አብረው ጽፈው በፊደል ተራ ክሮን ስለቀደመ በሱ ስም ቀረ፤ ፖላንዶች ግን የኛው ሌሽኒዮቭስኪ በ1904 አይቶታል ብለው እስካሁን ሁለቱን ስም አጣምረው ነው ሚጠሩት። ዩሲ ደግሞ በለንደኑ ሐኪም ሳሙኤል ዊልክስ እጅ በ1859 ነው የተጻፈው። ታዋቂ ሰው ከፈለግሽ፣ ጃንሆይ በ1946 ዓ.ም. ዋሽንግተን ሲሄዱ የተቀበሏቸው ፕሬዝዳንት አይዘንሃወር ክሮንስ ነበረባቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ስልጣን ላይ እያሉ አንጀታቸው ተዘግቶ ኦፕራሲዮን ሆኑ፣ በዛው ዓመት ምርጫም አሸነፉ። የጃፓኑ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ሺንዞ አቤ ደግሞ ዩሲ ነበረባቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ስልጣን ለቀቁ፣ መድኃኒት ሲስማማቸው በ2012 ተመልሰው ስምንት ዓመት ገደማ መሩ፣ በ2020 ሲነሳባቸው እንደገና ለቀቁ። እየተኛ እየተነሳ ያልኩሽ ይሄንን ነው።

አሁን ወዳንቺ ወረቀት። «መለየት አልተቻለም» መባሉ ሐኪሞቹ ሰነፉ ማለት አይደለም። ሁለቱ በሽታዎች ትልቁ አንጀት ላይ ሲገናኙ በጣም ይመሳሰላሉ፣ ከአስር ሰው አንዱ ገደማ ላይ መጀመሪያ አካባቢ አይለይም፣ በጊዜ ነው ሚገለጠው። ያንቺ ላይ ግን ያልተለየበት ምክንያት ቀለል ያለ ይመስለኛል፦ ግማሹ ቤት አልታየም! ከታች ጀምሮ ሳይዘል የተቆጣ መሆኑ፣ ደሙ፣ ጥድፊያው፣ መቀመጫሽ አካባቢ መግል አለመኖሩ ወደ ዩሲ ያጋድላል፣ በደብዳቤ ግን አልፈርድም። የላይኛው ክፍል ቢታይና ደህና ቢሆን፣ ካሜራው ትንሹ አንጀት መጨረሻ ድረስ ገብቶ እዛም ደህና ቢሆን፣ ከተለያየ ቦታ (ደህና ከሚመስለውም ጭምር) ናሙና ቢወሰድ፣ ብዙው ጥያቄ ይመለሳል። እዛኛው ጫፍ ላይ ቁስል ከተገኘ ደግሞ ወሬው ይቀየራል።

እዛኛው ጫፍ ላይ ቁስል ቢገኝ እንኳ ክሮንስ ነው ተብሎ እዛው አይዘጋም፣ እኛ ሀገር በተለይ። የአንጀት ቲቢ ሚወደው ሰፈር ልክ የክሮንስ ሰፈር ነው፣ ምልክቱም ያው፣ ክብደት መቀነስ፣ ትኩሳት፣ የቀኝ ሆድ ህመም፣ ካሜራ ላይም ይመሳሰላሉ። ሕክምናቸው ግን ተቃራኒ ነው። ቲቢ ያለበትን ሰው ክሮንስ ነው ብለሽ መከላከያ በሚያደክም መድኃኒት ብታክሚው ቲቢውን ገመዱን ፈትተሽ ለቀቅሽው ማለት ነው። ስለዚህ «ቲቢስ ታይቷል ወይ» ብለሽ ጠይቂ፣ መጠየቅ መብትሽ ነው፣ ሐኪሙ አይቀየምም፣ ከተቀየመም ይቀየም።

አሜባውን በተመለከተ አራቴ መታከምሽ አልገረመኝም፣ እኛ ሀገር ሆዱን ያመመው ሰው ሁሉ ወይ ጨጓራ ወይ አሜባ ወይ ታይፎይድ ነው። ነገሩ እንዲ ነው፣ ከተቆጣ አንጀት ሚወጡ ትልልቅ የመከላከያ ሴሎች በማይክሮስኮፕ ሲታዩ አሜባ ይመስላሉ፣ ከዛ ላይ ደግሞ ምንም ማያመጣ ግን መልኩ ከአደገኛው አሜባ ማይለይ ሌላ አሜባ አለ። አንዴ አሜባ ተብሎ ታክሞ ካልዳነ፣ ሁለተኛ ዙር ፍላጅል ከመዋጥ በፊት «ሌላ ነገር ቢሆንስ» ማለት ያስፈልግ ነበር። ግን በተቃራኒውም ልንገርሽ፣ አሜባን መፈለግ ከንቱ አይደለም፣ እውነተኛ አሜባ ያለበት ሰው ስቴሮይድ ቢወስድ አንጀቱ ሊበሳ ይችላል። አንቺ ታክመሽ ታይተሽ ስለጀመርሽ ደህና ነሽ። ኪንታሮት ደግሞ ደም ያመጣል እንጂ ሌሊት በተቅማጥ አይቀሰቅስም፣ ስምንት ኪሎም አያስቀንስም። ይሄን ምታነቡ ሌሎችም፣ «የኪንታሮት ባለሙያ ነኝ» ሚል ሰው ጋ ሄዳችሁ መቀመጫችሁን በማይታወቅ ነገር አታስቃጥሉ። ክሮንስ ያለበት ሰው ላይ ይሄን ሲያደርጉበት ማይደርቅ ቁስል ይዞ ሲመጣ አይቻለሁ።

አክስትሽ... አክስትሽን ሰላም በይልኝና ያለባት አይቢዲ ሳይሆን አይቢኤስ እንዳይሆን ጠይቂያት፣ ከጻፍሽልኝ እሱ ነው ሚመስለው። ባንድ ፊደል ይለያያሉ፣ በስራ ግን አይገናኙም። አይቢኤስ ሚያም ነገር ነው፣ አልንቀውም፣ ግን አንጀቱ በካሜራ ሲታይ ጤነኛ ነው፤ ደም የለውም፣ ደም ማነስ አያመጣም፣ አብዛኛውን ጊዜ ከእንቅልፍም አይቀሰቅስም። ካልፕሮቴክቲን ሚባል የሰገራ ምርመራ አለ፣ አንጀት ውስጥ እሳት መኖር አለመኖሩን ይናገራል፣ እሷ ጋ ኖርማል ነው ሚመጣው፣ አንቺ ጋ ሰማይ ይነካል። ስለዚህ ዳቦና ወተት መተው እሷን ቢያሳርፋት ደስ ይበላት፣ ያንቺን ቁስል ግን አያደርቅም። ወተት ሆድሽን ሚነፋሽ ከሆነ ተዪው፣ ካልነፋሽ ለምን ትተዪዋለሽ፣ ስቴሮይድ አጥንት ስለሚጎዳ ካልሲየም ያስፈልግሻል። አንጀትሽ ሲነሳበት በርበሬውን፣ ጥሬ ጎመኑን፣ ቆሎውን ለጊዜው ቀነስ አድርጊ፣ ሲተኛ ተመለሺ። አንጀቱ የጠበበ የክሮንስ ሰው ከሆነ ግን ቆሎ ቀልድ አይደለም፣ እዛው ሄዶ ሊወተፍ ይችላል። ጥሬ ስጋ ደግሞ መከላከያ ሚቀንስ መድኃኒት እየወሰድሽ አይሆንም፣ ክትፎውን ለብለብ አይደለም ሙሉ ይብሰል።

ሰርግሽ ላይ ክትፎ እንዳለ ገምቻለሁ ሃሃ።

«የቱ እንደሆነ ካላወቁት ለምን ያስውጡኛል» ላልሽው፣ ፕሬድኒሶሎን የእሳት አደጋ መኪና ነው፣ ቤቱ የማንም ይሁን እሳቱን ለማጥፋት ይመጣል፣ ለሁለቱም ይሰራል። ግን የእሳት አደጋ መኪና ግቢሽ ውስጥ ስድስት ወር አያድርም፣ ፊት ያሳብጣል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ስኳር ያመጣል፣ አጥንት ያሳሳል። በሱ እየተኖረ እንዲሁ መቀጠል የለም። ስሙ ሚያስፈልገው ከዚ በኋላ ላለው ነው።

ዩሲ ከሆነና ቀለል ያለ ከሆነ ሜሳላሚን ሚባለው ቤተሰብ አለ፣ ልስኑን ብቻ ስለሚቀባ ለዩሲ ይስማማል፣ ብሎኬት ውስጥ ለገባው ክሮንስ ግን እምብዛም ነው። እኛ ጋ ሜሳላሚን ፋርማሲ ለፋርማሲ ሚያዞርበት ጊዜ አለ፣ የድሮው ዘመዱ ሰልፋሳላዚን ይሻላል ለማግኘት፤ እሱን ናና ስቫርትስ ሚባሉ ስዊድናዊት ሐኪም ለመገጣጠሚያ ህመም ብለው ነበር ያሰሩት፣ አንጀታቸው የቆሰለ ሰዎችም ሲሻላቸው ታየ። ሰልፋሳላዚን ስትወስጂ ፎሊክ አሲድ አብሮ ይታዘዛል። አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፣ በመቀመጫ ሚገባ መድኃኒት ሲታዘዝ የኛ ሰው ያፍራል፣ ተቀብሎ ይሄድና ፍሪጅ ላይ ያስቀምጠዋል። እህቴ፣ እርጥበቱ ከወለሉ ነው ሚጀምረው አላልኩሽም? በመቀመጫ ሚገባው እንክብል መውጫው ጋ ያለውን፣ በፈሳሽ ሚገባው ደግሞ በግራ በኩል እስከ ላይኛው መታጠፊያ ድረስ በቀጥታ ይደርሰዋል፣ ከአፍ ሚወሰደው ብቻውን ከሚሰራው ሁለቱ አብረው ይሻላሉ። ማታ ሽንት ቤት ሄደሽ መጥተሽ፣ በግራ ጎንሽ ተኝተሽ፣ በቃ። አክስትሽ ከዛ ልትልክልሽ ካሰበች ደግሞ ሐኪምሽ የጻፈውን ስምና መጠን ብቻ ትላክ፣ ሜሳላሚን በስሙ አንድ ይሁን እንጂ አንዱ ትንሹ አንጀት ላይ ሌላው ትልቁ ላይ እንዲፈታ ሆኖ የተሰራ ነው፣ ሰባብረሽም አትዋጪው።

ክሮንስ ከሆነ ወይ ዩሲው ጠንከር ካለ መከላከያ ሚቀንሱ መድኃኒቶች አሉ፣ አዛታዮፕሪን አለ፣ ኢንፍሊክሲማብና አዳሊሙማብ ሚባሉ በደም ስርና በቆዳ ስር ሚሰጡ አሉ (ኢንፍሊክሲማብ ለክሮንስ አሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው)፣ ውድ ናቸው፣ ከመጀመራቸው በፊትም ቲቢ መመርመር ግዴታ ነው። ኦፕራሲዮንም ይለያያል። ዩሲ አልሰማ ካለ ትልቁ አንጀት ሙሉ ሲወጣ የአንጀት በሽታው አብሮ ይወጣል፤ ክሮንስ ግን ቆርጠሽ ስትሰፊው እዛው ስፌቱ አጠገብ መመለስ ይወዳል፣ ለዛ ነው የክሮንስ ሐኪም ቢላ ላይ ሚቆጥበው። ሲጋራና ሺሻ ክሮንስን ያባብሳል፣ ይሄ የታወቀ ነው።

የጉልበትሽን ህመም ኮላይተሱ ራሱ ሊያመጣው ይችላል፣ አንጀት ሲቆጣ መገጣጠሚያ፣ ዓይን፣ ቆዳም አብሮ ሚቆጣበት ጊዜ አለ። ግን ለሱ ብለሽ ዳይክሎፌናክ ትወስጃለሽ ነው ያልሽኝ? ተዪው በእግዜር። ዳይክሎፌናክም አይቡፕሮፌንም የተኛውን አንጀት ሚቀሰቅሱ ናቸው። ፓራሲታሞል ይሻልሻል፣ ለሐኪምሽም ንገሪው።

ካንሰር አይደለም። በዓመታት ብዛት ግን ትልቁ አንጀት ውስጥ ሰፋ ያለ ቦታ የያዘ ከሆነ የካንሰር እድሉ ከሌላው ሰው ከፍ ይላል፣ ለዛም ነው ምልክቱ ከጀመረ ስምንት ዓመት ገደማ ላይ ተብሎ ክትትል ኮሎኖስኮፒ ሚጀመረው። መውጫው ጋ ብቻ የቀረ ከሆነ ይሄ ብዙም አያሳስብም። እሳቱ ሳይጠፋ ዓመታት ከቆየ ነው ነገሩ ሚከፋው፣ ክኒን ሰልችቶኝ ተውኩ ሚሉት ላይ ማለት ነው።

እናትሽን አትጣያቸው። ልጃቸው ሰባት ወር ደም ሲፈሳት ያዩ እናት ናቸው፣ ሐኪም ቤት ደግሞ አራቴ አሜባ ነው እያለ መልሷቸዋል፣ ጸበል ቢሉ ምን ይገርማል። ጸበሉን ሂጂ፣ ተጠመቂ። ክኒንሽን ግን ቦርሳሽ ውስጥ ይዘሽ። በኤችአይቪው ጊዜ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ ይቻላል ብለው አስተምረው የለ፣ ለእማዬ ይሄን ንገሪልኝ። ብዙ ጠጥቶ ማስመለሱን ግን ለጊዜው ይለፉሽ፣ ክኒኑንም ነው አብረሽ ምታወጪው፣ ውሃውም ንጹህ ካልሆነ አሁን መከላከያሽ ደካማ ነው። ጾሙን ከንስሐ አባትሽ ጋ ተነጋገሪ፣ መድኃኒቱ ምግብ ይፈልጋል።

ለእጮኛሽ፦ ንገሪው፣ ከሰርጉ በፊት። ከማን ጋ ብትኖሪ ሽንት ቤት ሚቆለፍበት ሰዓት ይታወቃል፣ ደብቀሽ ማትዘልቂው ነገር ነው። ተላላፊ አይደለም፣ በመሳምም በመተኛትም አይሄድም። መውለድ ትችያለሽ፣ ጥሩው ጊዜ ግን አንጀቱ ተኝቶ ጥቂት ወራት ሲቆይ ነው፣ ስለዚህ «እንደተጋባን ወዲያው» ካላችሁ መጀመሪያ ሐኪሙን አማክሩ። ሜቶትሬክሴት ሚባል መድኃኒት ከታዘዘልሽ እሱን እየወሰድሽ ማርገዝ አይቻልም፣ ሌሎቹን ብዙዎቹን ግን አረገዝኩ ብለሽ በራስሽ እንዳታቆሚ። ልጆችሽ እድላቸው ከሌላው ትንሽ ከፍ ይላል እንጂ አብዛኞቹ አይያዙም። «የፈረንጅ በሽታ ነው፣ ሀበሻ የለበትም» ካለሽ ደግሞ እስራኤል ያሉ ወገኖቻችንን አስታውሺው፣ ከኢትዮጵያ ሲገቡ እምብዛም ማይታይባቸው ነበር፣ ዓመታት ሲቆዩ ግን እየታየ መጣ፣ ያውም ክሮንሱ። እዚም ካሜራው በበዛ ቁጥር እያየነው ነው።

ቀጠሮ ሳትጠብቂ ምትሮጪው እነዚህ ሲመጡ ነው፦ ደም ያለው ተቅማጥ ቀን ስድስቴ ወይ ከዛ በላይ ሆኖ ትኩሳት ወይ የልብ ምት ከ90 በላይ ሲጨመርበት፣ ሆድሽ ተነፍቶ ሲጠነክር፣ አስመልሶሽ ፈስም አልወጣ ሲል፣ ወይ አንድ እግርሽ ብቻ ድንገት ሲያብጥ (አንጀት ሲቆጣ ደም ይረጋል)። እንደዛ ሲሆን ከፋርማሲ የተቅማጥ ማቆሚያ ገዝተሽ አትዋጪ፣ የተቆጣውን አንጀት ሽባ ያደርገዋል።

ለሁለተኛው ኮሎኖስኮፒ ደግሞ የመጀመሪያው ለምን እንዳልጸዳ ጠርጥሬያለሁ፣ የብረት ክኒን እየወሰድሽ ነበር አይደል? እሱ ሰገራውን ጥቁርና ሙጫ ያደርገዋል፣ ሐኪምሽን ጠይቀሽ ከሳምንት በፊት አቁሚው። ከቀጠሮው በፊት ባለው ሁለት ቀን ፍሬ ያለበት ነገር ተይ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ቆሎ፣ ምስር፤ ነጭ ሩዝና እንቁላል ይበቃሻል፣ የመጨረሻው ቀን ሻይና ጥርት ያለ ሾርባ ብቻ። ማጽጃውን በሁለት ከፍለሽ ጠጪው፣ ግማሹን ማታ ግማሹን ሌሊት ከተነገረሽ ሰዓት ሳታሳልፊ፣ ቀዝቅዞ በስትሮ ይሻላል፣ ጣዕሙ የባህር ውሃ ነው አልዋሽሽም። ሚወጣው ሽንት የመሰለ ጥርት ያለ ቢጫ እስኪሆን ድረስ አልጸዳሽም። እና ጎፋ ውሃ በስንት ቀን ነው ሚመጣው? ፈረቃችሁን አይተሽ ቀጠሮ ያዢ፣ ከዋዜማው ጀምሮ ሦስት ጀሪካን ሞልተሽ ሽንት ቤት በር ላይ ደርድሪ፣ ሽንት ቤቱን የሚጋራሽ ጎረቤት ካለም ቀድመሽ ንገሪ፣ ያን ሌሊት ሽንት ቤቱ ያንቺ ነው።